ፍርዱ ቀና ነበር፤ ዘይቱን ግን አስቀሩት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከዛሬ መስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ባሉት 40 ቀናት ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንንና የልጇን ስደት ታስባለች። በሰው አገር ለምንኖር ለእኛ ከዚህ ይበልጥ የሚቀርብ ወራት የለም።

በየዓመቱ በዚህ ዕለት ስለ ስደቱ እንናገር ነበር። ዘንድሮ ግን አሳዳጁን እያዩ ስለ ተቀመጡት ልንናገር ወደድን። በወንጌለ ማቴዎስ እንደምናነበው፣ ሄሮድስ ክርስቶስ የት እንደሚወለድ የካህናት አለቆችንና ጸሐፍትን ጠየቀ። እነርሱም መጽሐፍ ገልጠው ቤተ ልሔም እንደ ሆነ ነገሩት። መልሳቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን አንዳቸውም ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ቤተ ልሔም አልሄዱም። የሄዱት ከሩቅ አገር የመጡት ሰብአ ሰገል ናቸው። በኋላም ሰይፍ በሕፃናቱ ላይ ሲመዘዝ የእነዚያ ሊቃውንት ድምፅ በመጽሐፍ አልተሰማም። ትክክለኛውን ማወቅና ለትክክለኛው መነሣት ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ነው።

ይህን በዚህ ዕለት የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ መስከረም 26 ነው። በ1928 ዓ.ም. በዚሁ ቀን በስዊዘርላንድ ጄኔቫ ከተማ ታላላቅ መንግሥታት ተቀምጠው ስለ አገራችን ትክክለኛ ፍርድ ፈርደው ነበር። ፍርዱ ምን እንደ ሆነ፣ ከፍርዱ በኋላስ ምን እንደ ተደረገ እንመልከት፤ ለነፍሳችን የሚሆን ትምህርት አለበትና።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ሚሊዮኖች ካለቁ በኋላ፣ መንግሥታት «ዳግመኛ እንዲህ ያለ እልቂት አይሁን» ብለው በ1912 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበርን አቋቋሙ። የቃል ኪዳናቸው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ከአባላቱ አንዱ ኪዳኑን አፍርሶ ጦር ቢያነሣ፣ በአንዱ ላይ የተነሣው በሁሉም ላይ እንደ ተነሣ ይቆጠራል፤ ሁሉም በአንድነት ንግዱንና ገንዘቡን ይከለክሉታል የሚል ነው። ማኅበሩ የራሱ ጦር አልነበረውም። ኃይሉ የአባላቱ ታማኝነት ብቻ ነበር።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ማኅበር የገባችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ የመስቀል ዕለት። ስትገባም የባሪያ ንግድን እንድታጠፋ ቃል አስገብተዋታል፤ ኃጢአታችን ነበርና ይህን አንሸሽግም። ከገባች በኋላ ግን እንደ ማንኛውም አባል ኪዳኑ ይጠብቃት ነበር፤ ቢያንስ በወረቀት።

ማኅበሩ በጎ አላደረገም አንልም። ስዊድንና ፊንላንድ በኦላንድ ደሴቶች ሲካሰሱ አስታርቋቸዋል። በ1918 ዓ.ም. ግሪክ ቡልጋሪያን በወረረች ጊዜ አስቁሟታል፤ ካሣም አስከፍሏታል። እነዚህ ግን ትንንሽ መንግሥታት ነበሩ። በትንንሾቹ ላይ ለመፍረድ ብዙ ዋጋ አይጠይቅም። ትልቁ ሲበድል ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ነሐሴ 25 ቀን 1915 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጣሊያን የግሪክን የኮርፉን ደሴት በመድፍ ደብድባ ያዘች። ግሪክ ወደ ማኅበሩ ጮኸች፤ ነገሩ ግን ከማኅበሩ እጅ ወጥቶ ለታላላቆቹ አምባሳደሮች ተሰጠ፤ በመጨረሻም ካሣ የከፈለችው የተደበደበችው ግሪክ ሆነች። የጣሊያን ጦር ደሴቱን ለቅቆ የወጣው መስከረም 16 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ ኢትዮጵያ በዚያው ማኅበር በር ገባች። አገራችን ደመራ ለኩሳ ደስ ባላት ሰሞን፣ ሙሶሊኒ ማኅበሩ ትልቅን እንደማይነካ ተምሮ ነበር።

በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓን የቻይናን ማንቹርያ ወረረች። ማኅበሩ መርማሪ ላከ፤ መርማሪዎቹ መረመሩ፤ ጻፉ፤ እውነቱንም ተናገሩ። ጃፓን ማኅበሩን ጥላ ወጣች። ማንቹርያም በእጇ ቀረች።

አንድ ነገር እንጨምር። በ1927 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ማኅበሩ በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ባለችው በሳር ምድር የሕዝብ ድምፅ በሰላም እንዲሰጥ 3,300 ያህል ሰላም አስከባሪ ወታደሮች አሰማራ። ከእነዚህ ውስጥ 1,300 ያህሉ ጣሊያኖች ነበሩ። በዚያው ሰሞን፣ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ሌሎች የጣሊያን ወታደሮች በኦጋዴን በወልወል የውኃ ጉድጓድ ዘንድ ኢትዮጵያውያንን ይገድሉ ነበር። በአንድ እጅ ሰላም ማስከበር፣ በሌላው እጅ ደም ማፍሰስ። ጠባቂ የሆነ ሁሉ ሰላም ወዳድ እንዳይመስለን።

ከዚያም መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ከ4 ቀን በኋላ፣ በመስከረም 26፣ የማኅበሩ ምክር ቤት «ጣሊያን ኪዳኑን አፍርሳ ጦር አንሥታለች» ሲል ፈረደ። ከዚያም 50 ያህል መንግሥታት በዚህ ተስማሙ። ልጆቻችን፣ ይህን ልብ በሉ። ዓለም አልተሳሳተም። ማን በዳይ፣ ማን ተበዳይ እንደ ሆነ አልጠፋውም። ፍርዱ ቀና ነበር።

ፍርዱ ወደ ሥራ የተለወጠው መቼ ነው? ማዕቀቡ የተጀመረው ኅዳር 8 ቀን ነው። ዘመነ ጽጌ ገብቶ፣ 40ው ቀን አልቆ፣ የቁስቋም በዓል አልፎ ማለት ነው። እስከዚያ አድዋም አክሱምም መቀሌም ተይዘዋል።

ማዕቀቡስ ምን ነበር? ለጣሊያን ገንዘብ አታበድሩ፤ መሣሪያ አትሽጡ፤ የጣሊያንን ዕቃ አትግዙ ተባለ። ጎማና ቆርቆሮ፣ ፈረስና በቅሎ፣ አህያና ግመል እንኳ እንዳይሸጥላት ተከለከለ። ነዳጅ ዘይት ግን አልተከለከለም! የሙሶሊኒ አውሮፕላንና ታንክ፣ የጭነት መኪናውም የሚሄደው በአህያ አይደለም፤ በነዳጅ ነው። አህያውን ከለከሉ፤ ዘይቱን ተዉት። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የጣሊያን ወታደርና ጥይት የጫኑ መርከቦች የመተላለፊያቸውን ክፍያ እየከፈሉ በዚያ ያልፉ ነበር። ሙሶሊኒ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ነዳጁ ቢቆም ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ለሂትለር መናገሩ ተጽፏል።

ለምን ተዉት? ፈረንሳይ ጀርመንን ትፈራ ስለ ነበር የጣሊያንን ወዳጅነት ማጣት አልፈለገችም። እንግሊዝ ብቻዋን በባሕር እንዳትዋጋ ሠጋች። አሜሪካ ከመጀመሪያውም የማኅበሩ አባል አልነበረችምና «እኛ ብንከለክል አሜሪካኖች ይሸጡለታል» ተባለ። ሁሉም ምክንያት ነበረው። ምክንያታቸውም ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ምክንያታቸው ሲደመር የአንድ ሕዝብ ደም ሆነ።

በኅዳር ወር መጨረሻ ደግሞ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል በምሥጢር ተቀምጠው «እርቅ» አዘጋጁ። እርቁ ለወራሪው ከሰሜንም ከኦጋዴንም ሰፊ መሬት መስጠት፣ ደቡቡንም በጥቅሙ ሥር ማድረግ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ደግሞ ወደ ባሕር የምትወጣበት ጠባብ መንገድ። ምሥጢሩ በጋዜጣ ወጥቶ ሕዝባቸው ስለ ጮኸባቸው ፈረሰ፤ ሆርም ከሹመቱ ለቀቀ። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በተመኘ ጊዜ እነዚህ ሽማግሌዎች ቢኖሩ ኖሮ «ናቡቴ ሆይ፣ ለሰላም ስትል ግማሹን ስጥ» ባሉት ነበር። የተበዳይን ድርሻ ለበዳይ ማካፈል ሰላም አይባልም።

በታኅሣሥ ወር የጣሊያን አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ማዝነብ ጀመሩ። ጋዙን በጦርነት ላለመጠቀም በ1917 ዓ.ም. በዚያው በጄኔቫ ሲፈረም ጣሊያን ፈርማ ነበር። ሰውም ከብትም፣ ወንዙም ሣሩም ተመረዘ። የቀይ መስቀል ሐኪሞች ድንኳንም በቦምብ ተመታ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች።

ንጉሠ ነገሥቱም ስደተኛ ሆኑ። በጅቡቲ አድርገው፣ በእንግሊዝ መርከብ ሐይፋ ወርደው፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። እኛ ዛሬ በምንኖርበት በዚህ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል ማለፋቸው ነው። ከዚያ ወደ አውሮፓ ተሻግረው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆሙ። የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው፤ ከአዳራሹም ተባረሩ። ንጉሡ በአማርኛ ተናገሩ። ስለ ጋዙ መሰከሩ፤ የትንንሽ መንግሥታት ሁሉ ዕጣ በዚህ እንደሚወሰን አስጠነቀቁ፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለው ጠየቁ። ከአራት ቀን በኋላ ጉባኤው የሰጠው መልስ ማዕቀቡ ይነሣ የሚል ነው። በሐምሌ 8 ተነሣ። የተነሣውም ከተበዳዩ ላይ ሳይሆን ከበዳዩ ላይ ነበር።

ቆሎ ተማሪ ሳለን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን ስንለምን «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብሎ የሚያሰናብት ቤት ነበረ። ቃሉ መልካም ነው፤ ምርቃት ነው። አኮፋዳችን ግን ባዶውን ይመለስ ነበር። ሐዋርያው ያዕቆብም የታረዘውን ወንድም ሳያለብሱ በቃል ብቻ «ሙቅ» ብለው የሚያሰናብቱትን የገሠጸው ስለዚህ ነው። ጄኔቫ ለኢትዮጵያ ያደረገችው ይኸው ነው። ትክክለኛ ቃል፣ ባዶ አኮፋዳ።

የአሥሩን ደናግል ምሳሌ አስቡ። ከውጭ ለሚያይ የአሥሩም መብራት አንድ ነው። ልዩነቱ የታወቀው ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ነው። መምህሮቻችን ዘይቱን ምግባር፣ ይልቁንም ርኅራኄና ምጽዋት ብለው ያመሰጥሩታል። ዘይት ከራስ የሚወጣ፣ የሚጎድል፣ ዋጋ ያለው ነገር ነው። የመንግሥታት ማኅበር መብራት ነበረው። ኪዳን ነበረው፤ አዳራሽ ነበረው፤ መልካም ቃል ነበረው። ያጣው ዘይቱን ነው።

ሁሉ ግን እንዲያ አልነበረም። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ብላ ጸናች፤ ከእኛ የምታገኘው ጥቅም አልነበረም። በአዲስ አበባ በታክሲ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲባል የምትሰሙት አደባባይ የዚህ ውለታ መታሰቢያ ነው። አቡነ ጴጥሮስም ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ አውግዘው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። እርሳቸው ፍርዱን በቃል ብቻ አልተናገሩም፤ ዋጋውን በራሳቸው ከፈሉ።

ዘይቱን ያስቀሩትስ ምን አተረፉ? የጣሊያንን ወዳጅነት እናተርፋለን ብለው ነበር። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን በፈረንሳይና በእንግሊዝ ላይ ራሷ ጦርነት አወጀች። ስለ ፈሩት ነገር የሸጡት ወንድም ከፈሩት ነገር አላዳናቸውም።

እንግዲህ «ማኅበሩ ለምን ወደቀ?» ብንባል፣ ጦር ስላልነበረው፣ አሜሪካ ስላልገባች፣ ውሳኔው የሁሉን ስምምነት ስለሚጠይቅ የሚሉ አሉ። ሁሉም እውነት ነው። ሥሩ ግን ይህ ይመስለናል፤ እያንዳንዱ የፍርዱን ክብር ወደደ፤ የፍርዱን ዋጋ ግን ለጎረቤቱ ተወ። ጲላጦስም በጌታችን ላይ በደል እንዳላገኘበት መስክሮ ነበር። እጁን ታጠበ፤ አሳልፎም ሰጠው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአሮጌ ታሪክ ላይ ቆመን በእንግሊዝና በፈረንሳይ መፍረድ ቀላል ነውና።

ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ በእኛ ሰበካ አንዲት እኅታችን አቤት አለች። በሰው ቤት 4 ዓመት ሠርታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ፣ ለእናቷ ቤት ማሠሪያ በሐዋላ እንዲልክላት ለአንድ ወንድማችን ሰጥታው ነበር። ገንዘቡ አልደረሰም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እኛም ከመካከላቸው ነበርን። መረመርን። ወንድማችን እንደ በላው ግልጥ ነበር፤ ራሱም አልካደም። ፈረድንባት ሳይሆን ፈረድንላት። ከአገልግሎት ይቆይ አልን፤ በበዓል ቀን ከፊት እንዳይቆም ከለከልነው።

ነገር ግን ይህ ወንድም የእቁባችን ዳኛ ነበር። ብዙዎቻችን በእቁቡ ውስጥ ዕጣ ነበረን። የአዳራሹ ኪራይ የሚከፈልበት የቤተ ክርስቲያን ገንዘብም በዚያው ውስጥ ነበረ፤ ተራችን ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ስለዚህ እቁቡን አልነካንም። «እኛ ብንወጣ ሌሎች ይገባሉ፤ ደግሞም ይበተናል» አልን። እርሷንም ጠርተን «ልጄ፣ ለሰላም ስትይ ሲሶውን ተቀበይና ይቅር በይው» አልናት። እሺ አለች፤ ካህን አዝዟታልና ምን ትበል? ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ ጠፋች።

ዘንድሮ በፍልሰታ ሰሞን ስልኳን ፈልገን ደወልን። ለብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «አባ፣ እውነቱ የእኔ እንደ ሆነ ሁላችሁም ፈረዳችሁልኝ። ግን ብቻዬን ወደ መዳሜ ቤት ተመለስኩ» አለችን። እኛም የምንመልሰው አጣን። አህያውን ከልክለን ዘይቱን የተውነው እኛ ነን። ሆርና ላቫል በጄኔቫ ብቻ የነበሩ መስሎን ነበር።

ስለዚህ በዚህ የጽጌ ወራት የምንለምናችሁ ጾምና ማኅሌት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ያቺን እኅት በእናንተ ሁሉ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን፤ በዚህ መልእክት ይደርሳታል ብለን እናምናለን። ሁለተኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብ ከዚያ እቁብ እንዲወጣ ሰበካ ጉባኤው ወስኗል፤ ለኪራዩ ችግር ቢገጥመን በችግሩ ውስጥ እናልፋለን። ሦስተኛ፣ ያ ወንድማችን ጠላታችን አይደለም፤ በሩን አንዘጋበትም። ነገር ግን ገንዘቧን እስኪመልስ ድረስ የሌላ ሰው ገንዘብ በእጁ አይያዝ። ይህ ጥላቻ አይደለም፤ ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ በተናገረ ጊዜ ነው መዳን ወደ ቤቱ የገባው። መመለስ የንስሐ መንገድ ነው፤ እርሱንም ወደዚያ እንርዳው። አራተኛ፣ እናንተም እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ደመወዟን የተከለከለች፣ በጓደኛዋ የተካደች እኅት መጥታ ስታለቅስባችሁ «እግዚአብሔር ይፍረድ» ብላችሁ ከሸኛችኋት፣ ከእናንተ የሚጎድለው ዘይት ምን ነበር? ምስክርነት ነው? አንድ ቀን ዕረፍት ነው? ወዳጅ እንዳይቀየማችሁ ነው?

አገራችንም ዛሬ በብዙ ቍስል ውስጥ ናት። ስለ ሰላም የማይጸልይ ከእኛ መካከል የለም። ነገር ግን የራሱ ወገን ሲበድል «ይህ በደል ነው» ለማለት የሚደፍር ስንቱ ነው? ሰላም የሚጀምረው የሌላውን በደል በመቍጠር አይደለም፤ የራስን ዘይት በማፍሰስ ነው።

እመቤታችን ልጇን አዝላ በበረሃ በተንከራተተች ጊዜ ውኃ የከለከሉ ነበሩ፤ ቤታቸውን የከፈቱም ነበሩ። ቤት የከፈቱት ስለ ፍርድ ብዙ አልተናገሩም፤ ከእንጀራቸው ቈርሰው ሰጡ እንጂ። ከእነርሱ ወገን ያድርገን። በስደት ያላችሁትን ይጠብቃችሁ፤ በየሰው ቤት በሌሊት የምታነቡትን እኅቶቻችንን ከክፉ ይሰውርልን፤ ለአገራችን ፍቅርና ሰላም ይስጥልን፤ ዘይት ያለበት መብራት ይዘን ሙሽራውን እንድንቀበል የእመቤታችን ምልጃ፣ የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።